የማክሰኞ ወንበሮች

አሥራ አራት ወንበር ዘረጋሁ፤ የመጡት ሦስት ነበሩ።
ሌስተር ግን “አትሰብስቢያቸው” አለኝ፣ “ሌሎቹም ይመጣሉ፣ ካደሩ።”

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ስድሳ ስምንት። ጉሙ ከባሕር ወጥቶ፣
የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት መስኮት በመዳፉ ዳብሶ፣ አይቶ፣
እንደኛው ለመግባት አፍሮ፣
ደጅ ቆሞ ነበር፣ አቀርቅሮ።
ቄሱ ቁልፉን ሲሰጡን “ስትወጡ መብራቱን አጥፉ” ብቻ አሉ፤
ምን እንደሆንን አልጠየቁም፤ የሚያውቁ ይመስላሉ።

ከዚያ በፊት ቤት ስንል መጠጥ ቤት ማለታችን ነው።
ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣
እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚቀመጡበት፣
ከሃርመን ባንኮኒ በቀር የት ነበረ ቤት?
አባቴ ስሜን ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ሲፍቀው፣
ሃርመን የምጠጣውን ሳልነግረው ነበር የሚያውቀው።
ዓርብ ማታ ፖሊስም በዚያው በር ይገባል፤
ቅዳሜ ጠዋት ስማችን ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤
ሥራ ይሄዳል፣ ዘመድ ይሸሻል፤
ሰኞ ግን ያው በር ይከፈታል።
የት እንሂድ?
ጥማቱም ፍቅሩም በአንድ ብርጭቆ ነበር የሚቀርብልን።

ቨርና የትራም ትኬት ቆራጭ ነበረች።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መሐል ከተማ ባለው ስብሰባ፣
“እውነቱን ተናገሩ፣ እውነት ያድናል” ሲሉ፣
እየተነሳች “ባሌ ትቶኝ ሄደ” ትል ነበር።
ባል አልነበራትም። ትታት የሄደችው ኦፓል ናት።
“ሄደች” ማለት አቅቷት “ሄደ” እያለች አለቀሰቻት።
የምትውጠው አንዲት ፊደል ነበረች፣ “ች”፤
ስብሰባው ሲያበቃ ያችኑ ለማወራረድ ትጠጣ ነበር።

እኛ ጋ በመጣች በሦስተኛው ማክሰኞ ቆመች።
“ቨርና እባላለሁ። ሰካራም ነኝ። ኦፓል ትታኝ ሄደች።”
“ች”ዋ ግድግዳውን መትታ ተመለሰች።
ጣሪያው አልወደቀም።
ሌስተር የከረሜላውን ሳህን አሳለፈላት።

ከዚያ የደብተሩ ነገር መጣ።
የከተማው ስብሰባ ሁሉ ስሙና ሰዓቱ የሚታተምባት ትንሽ ደብተር አለች።
“እናንተን ‘የማክሰኞ ክፍል’ እንበላችሁ” አሉ፣ “ሌላውን ተዉት።”
አንዱ ሽማግሌ ተነስቶ፣ “ሰካራም ሰካራም ነው፤ ምን ልዩ ያደርጋችኋል?”
ሌስተር፦ “ልክ ነህ። የሚሞተው ልጅ ግን በሩን በምን ያውቀዋል?”

ድምፅ ተሰጠ። ተሸነፍን።

ሌስተር የቄሱን ማባዣ ማሽን ለመነ።
ሌሊቱን እጀታውን እያዞርን፣ ቀለሙ እስከ ክርናችን።
“ይኸው ዛሬም ስንቀዳ አደርን” አለና ሳቀ።
ድሮ ቀድተን ቀድተን የሚተርፈን ባዶ ብርጭቆ ነበረ፤
የዚያን ሌሊቱ ቅጂ ግን ዋናውን አላሳጠረ።

ሃርመን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።
“ደንበኞቼን ልትጨርሱብኝ ነው።”
ከዚያ መዶሻ አመጣ። ከመታጠቢያው መስታወት በላይ ራሱ ቸነከረው፣
ፊቱን ታጥቦ ቀና ያለ ሁሉ እንዲያየው።

በዚያ ወር ዘጠኝ ሆንን። በጋው ላይ አሥራ ሁለት።
አንዱ ልጅ ጫማውን ሸጦ ነበር የመጣው፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ ጫማ ሰጠነው።

ሌስተር በሰባ አንድ ተመልሶ ጠጣ።
ወደቡ አጠገብ፣ በሳምንት የሚከራይ ክፍል ውስጥ አገኙት፤
የምድር ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ነበር።
አስከሬኑን ቨርና ለየች። ቅጹ ላይ “ዝምድና” ለሚለው
“የወንበር ጎረቤት” ብላ ጻፈች።

ስማችን ከሦስት ዓመት በኋላ ታተመ፣ ሙሉው፣
ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ በደበዘዘ ቀለም።
ቨርና በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው፣
እያንዳንዷን ፊደል፤ አንዷንም ሳትውጥ።

እኔ ያኔ ወንበር እየዘረጋሁ ነበር።
አሁንም አሥራ አራት፤ ሰው ሲበዛም ሲያንስም፣
ከዚያ ሌላ ቁጥር እጄ አይለምድም።
መብራቱን ግን አንዳንድ ማክሰኞ ሳላጠፋው እወጣለሁ።
ቄሱ ይቅር ይበሉኝ።